«ዴድ ማጂክ»፦ ጊታሩ ሳይሆን ኦርጋኑ የሚከብድበት አልበም

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የስዊድናዊቷ ድምፃዊና ኦርጋን ተጫዋች አና ፎን ሃውስቮልፍ «ዴድ ማጂክ» ጨለም ካሉ ሙዚቃዎች መካከል እኔ ደጋግሜ የምመለስበት አልበም ነው። ክላሲካል ለሚሰማም፣ ሜታል (ከባዱን የሮክ ዓይነት) ለሚሰማም፣ ሁለቱንም ለማያውቅ ግን ጆሮውን ለመስጠት ለማይሰስት ሰውም እመክረዋለሁ። የወጣው በማርች 2018 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አምስት ሥራ ብቻ አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 47 ደቂቃ ገደማ ነው።

«ክላሲካልና ሜታል ተቀላቀሉ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምናገኘው የታወቀ ነገር ነው። የሮክ ባንድ አለ። ከጀርባው ቫዮሊንና መዘምራን ይጨመራሉ፣ ድምፃዊቷ እንደ ኦፔራ ታዜማለች፣ ጊታሩ እንደ ወትሮው ይጮሃል። አንዳንዱ የምር ጥሩ ነው። አብዛኛው ግን ጌጥ ነው፤ ቫዮሊኑን ብታወጡት ዘፈኑ ያው ይቀጥላል። ከዚህ አልበም ላይ ኦርጋኑን ብታወጡ ግን የሚቀር ነገር የለም። ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ድራሙም የሚሠሩት ኦርጋኑን ለማገዝ ነው። እኔ ይሄን አልበም የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ኦርጋን ስል የሰርግ ቤቱን ኪቦርድ ማለቴ አይደለም። በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ ግድግዳ ሙሉ ይዞ የሚቆመውን የቧንቧ ኦርጋን ነው። ድምፁ የሚወጣው አየር በቧንቧዎቹ ውስጥ ሲነፍስ ነው። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። በትልልቆቹ ኦርጋኖች ላይ ረጅሙ ቧንቧ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ከሱ የሚወጣው ድምፅ በሰከንድ 16 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከ20 አካባቢ ስለሆነ ይሄኛው በጆሮ ሳይሆን ደረት ላይ ነው የሚታወቀው። ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። ከሮክ መድረክ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ኤሌክትሪክም ትልልቅ ስፒከርም አለመኖሩ ነው፤ አየርና ቧንቧ ብቻ።

አልበሙ የተቀዳበት ኦርጋን ያለው ኮፐንሃገን ውስጥ ነው፣ ማርሞርኪርከን በሚባለው የእምነበረድ ቤተ ክርስቲያን። ይሄ ሕንፃ የራሱ ታሪክ አለው። መሠረቱ የተጣለው በ1749 ነበር። ገንዘቡ አልበቃ አለ፣ ሥራው በ1770 ቆመ፣ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ፍርስራሽ መስሎ ቆይቶ በ1894 ተጠናቆ ተመረቀ። ከላይ ያለው ጉልላት ስፋቱ 31 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጉልላት ስር የተመታ ድምፅ ቶሎ አይጠፋም፤ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ፈጥናችሁ ከተጫወታችሁ ድምፁ ሁሉ ይደበላለቃል። ዝግ ማለት ግድ ነው። የአልበሙ ዝግታ እንግዲህ የአና ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ሕንፃውም አዝዟታል።

ሜታሉ ታዲያ የት አለ? ይሄን ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬበታለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሜታል ሲባል የሚታሰበን ፍጥነትና ጩኸት ነው። ሌላ ዓይነት ሜታል ግን አለ፣ ዝግ ያለው። ዘሩ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣው የበርሚንግሃሙ ብላክ ሳባዝ ይጀምራል፤ በ1990ዎቹ ኧርዝ የተባለው የአሜሪካ ባንድ የበለጠ አዘገመው፣ ሰን የተባለው ደግሞ ድራሙን እስከ መተው ደርሶ አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ለደቂቃዎች ይዞ መቆም ጀመረ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ድምፁ እንዳይሞት ነው። የጊታር ክር ስትመቱት ወዲያው መድከም ይጀምራል፤ ድምፁን ለማቆየት አምፕሊፋየሩን እስከ ጥግ ይከፍቱታል፣ ጊታሩን ከስፒከሩ ፊት ይይዙታል። ኦርጋን ላይ ያ ሁሉ ጣጣ የለም። ጣታችሁ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ድምፁ አለ፣ ሳይደክም፣ ሳይቀንስ። እነዚያ ጊታሪስቶች ብዙ ደክመው የሚደርሱበት ነገር ኦርጋን ውስጥ ከመጀመሪያውም ነበር።

አና ይሄን በደንብ ገብቷታል። የአልበሙ ፕሮዲውሰርም ራንዳል ደን ነው፣ ከሰንም ከኧርዝም ጋር የሠራ አሜሪካዊ። የሱ እጅ በሁሉም ቦታ ይሰማል። ከታች ያለው ወፍራም ድምፅ አልተቆረጠም፣ አልተወለወለም። ድራሙ ቅርብ ሆኖ ሳለ የሕንፃው ማስተጋባት ከኋላው አለ። ብዙ የሲምፎኒክ ሜታል (ያ ቫዮሊንና መዘምራን የሚጨመርበት ዓይነት) አልበም ሁሉንም መሣሪያ እኩል ጎላ አድርጎ አንድ ግድግዳ ያደርገዋል፤ እዚህ ግን በድምፆቹ መካከል ክፍት ቦታ አለ፣ ጨለማውም ያለው በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ።

መክፈቻው «ዘ ትሩዝ፣ ዘ ግሎው፣ ዘ ፎል» 12 ደቂቃ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምራል፣ የአና ድምፅ ለስለስ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ይወጣል። ስትሰሙት የሆነ ቦታ ላይ «አሁን ፈነዳ» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ እሱ ግን አንድ ደረጃ ብቻ ጨምሮ እንደገና ይቆያል። ሰፊ ነው፣ ብርሃንም አለው። አልበሙ ከጥግ እስከ ጥግ ጨለማ ነው ለሚል ሰው ይሄን ብቻ አሰሙት።

ሁለተኛው «ዘ ሚስቲሪየስ ቫኒሺንግ ኦፍ ኤሌክትራ» አጭር ነው፣ 6 ደቂቃ። ከአምስቱ ሁሉ ለሮክ የቀረበው ይሄ ነው፤ ጊታሩ ጎልቶ ይሰማል፣ ድራሙ አንድ ዓይነት ከባድ እርምጃ ይዞ ይሄዳል። ድምፃዊቷ መጀመሪያ ታዜማለች፣ ከዚያ ትጮሃለች፣ መጨረሻ ላይ ጩኸቷ ከአንጀት የሚወጣ ይሆናል። ብዙ ሰው አልበሙን ያወቀው በዚህ ዘፈን ነው። ለኔ ግን ከአምስቱ ትንሽ የሚጎድለው እሱ ነው። ድራማው በዛብኝ። ሌሎቹ ዘፈኖች ሊያስፈሩን ሳይሞክሩ ያስፈሩናል፤ ይሄኛው ሊያስፈራን እንደሚፈልግ ያስታውቃል። ጥሩ ዘፈን አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። አልበሙን ለማታውቁ ሰዎች መግቢያ ይሆናችኋል።

ሦስተኛው «አግሊ ኤንድ ቬንጅፉል» ነው። እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

16 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ በርካታ ደቂቃዎች ውስጥ ድራም የለም ማለት ይቻላል። አንድ ወፍራም ድምፅ ከታች ተዘርግቷል፣ በላዩ ላይ የአና ድምፅ ይመጣል ይሄዳል፤ አንዳንዴ ቃል፣ አንዳንዴ ማቃሰት ብቻ። ትዕግሥት ይፈትናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ስልኩን አንስቶ «ተበላሸ እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም። ግን አትዝለሉት። ያ ሁሉ ዝርጋታ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ጆሯችሁ ወፍራሙን ድምፅ እስኪለምደው፣ እስኪረሳው፣ ዝምታ እስኪመስለው ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ወደ መሀሉ ሲደርስ ምቱ ይገባል። መጀመሪያ ከሩቅ ነው፣ ከዚያ እየቀረበ፣ ከዚያ ኦርጋኑ ራሱ ምቱን ይይዝና አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይፈጫል፤ እሷ ከላይ ትጮሃለች፣ ድራሙ አይፋታም፣ ሐረጓም አትለወጥም፣ የሚለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው። ይሄ ንጹሕ ሜታል ነው። ሪፉን፣ ማለትም ያቺን ተደጋጋሚ ሐረግ፣ የሚጫወተው ጊታር ስላልሆነ ብቻ ስሙን የምንነፍገው ከሆነ ሜታልን ገና አላወቅነውም። እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ እኔ የምር ፀጉሬ ይቆማል፤ ስንት ጊዜ ብሰማውም አልቀረልኝም።

በነገራችን ላይ የኛ ሰው ለዚህ ዓይነት አሰማም እንግዳ አይደለም። በዐቢይ ጾም ወቅት በገና የሚያዳምጥ ሰው ዝግታውን ያውቀዋል። የበገናው ክር ሲነካ የሚነዝረው ያ ወፍራም ድምፅ፣ ረጋ ያለው ዜማ፣ አንዱ ሐረግ እየተደጋገመ ልብ ውስጥ እየገባ መሄዱ፣ ከሙዚቃው በፊት ራስን ዝም ማሰኘት፣ ይሄ ሁሉ እዚህም ይጠየቃል። ዓላማቸው አንድ ነው አላልኩም፤ በገናው ጸሎት ነው፣ ይሄ አይደለም። የምለው ስለ ጆሮ ነው። ሦስት ደቂቃ ውስጥ አዝማቹን ሦስት ጊዜ ካልሰማ የማይረካ ጆሮ እዚህ ይቸገራል። በገና የለመደ ጆሮ ግን ቤቱ ነው።

አራተኛው «ዘ ማርብል አይ» ድምፃዊ የለውም። ኦርጋን ብቻ ነው፣ 5 ደቂቃ። ከ16 ደቂቃው ማዕበል በኋላ ስለሚመጣ አንዳንድ ሰው እንደ መሸጋገሪያ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ባታልፉት ይሻላል። ሕንፃውን በደንብ የምትሰሙት እዚህ ነው።

መዝጊያው «ሼላንስ ኦተርኡፕስቶንደልሰ» ነው፣ በስዊድንኛ የምንጩ ትንሣኤ ማለት ነው። ከአልበሙ ሁሉ ለስላሳው ነው። ድምጿ እዚህ አይጮህም፣ ኦርጋኑም ክብደቱን ያወርዳል። ሆድ ያባባል። አልበሙ በጩኸት ጫፍ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጉልበቱን ብቻ ይዘን እንወጣ ነበር፤ በዚህ ስላለቀ ግን ከጉልበቱ ስር ሐዘን እንደነበረ ይገባናል፣ ወደ ኋላ ተመልሰንም የቀደሙትን ሌላ አድርገን እንሰማቸዋለን።

ቅሬታዬን ደግሞ ልንገራችሁ። ግጥሞቹ አይሰሙም። ድምጿ በማስተጋባቱ ውስጥ ስለሚቀልጥ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ ግማሹን ይስታል። ዜማው ስሜቱን ያስተላልፋል እሺ፤ ግን የጻፈችው ነገር ካለ ብንሰማው ምን አለበት? ሌላው የድምፁ ከፍታ ልዩነት ነው። ዝቅ ያለው በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ከፍ ያለው በጣም ከፍ ያለ። ታክሲ ውስጥ ለመስማት አትሞክሩ። መጀመሪያ ምንም ስለማይሰማችሁ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ድራሙ ሲገባ ጆሯችሁን ያደነቁራችኋል።

የስልክ ስፒከርማ ጨርሶ አይሆንም። እዚያች ትንሽ ስፒከር ላይ ወፍራሙ ድምፅ አይወጣም፤ ያልኳችሁ ክብደት ሁሉ ይጠፋና አንዲት ሴት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስትጮህ ብቻ ነው የሚሰማችሁ። ሰዎች «ምኑ ነው የከበደው?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው በምን እንደሰሙት ነው። ጆሮን ሸፍኖ የሚይዝ ሄድፎን ወይም ወፈር ያለ ድምፅ የሚያወጣ የቤት ስፒከር ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ። የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ደግሞ በሸክላም ወጥቷል። ዩቲዩብ ላይ በነጻ መስማት ይቻላል፤ እየተጫወተ መሀል ላይ ማስታወቂያ ከገባ ግን ያ የ16 ደቂቃ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቢቻል ያለማስታወቂያ የሚሰማበትን መንገድ ፈልጉ።

አንድ ሳላነሳው የማልፈው ጥያቄ አለ፣ ምክንያቱም ይሄን አልበም ለሰው ባስተዋወቅሁ ቁጥር ይነሳል። «የሰይጣን ሙዚቃ አይደለም ወይ?» ይባላል። ርዕሱም ምትሃት ይላል፣ ቀለሙም ጥቁር ነው፣ የተቀዳውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጥያቄውን አልንቀውም። በአውሮፓም ተነስቷል። በዲሴምበር 2021 አና ፈረንሳይ ናንት ከተማ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ልትጫወት ስትል ወግ አጥባቂ ካቶሊኮች ሰይጣናዊ ነው ብለው በሩን ዘጉ፣ ዝግጅቱም ተሰረዘ። ፓሪስ ላይ የነበረውም ከታቀደበት ቤተ ክርስቲያን ወጣ። መነሻው በድሮ ዘፈኗ ውስጥ ያለች ዲያብሎስን የምታነሳ አንዲት ስንኝ ነበረች። የሚገርመው በዚያ ጉዞ ልትጫወተው የነበረው ቃል የሌለው የኦርጋን ሙዚቃ መሆኑ ነው።

እኔ አማኝ ነኝ፤ ይሄን አልበም ስሰማ ሕሊናዬን የቆረቆረኝ ነገር የለም። የምሰማው ሞትን፣ ማጣትን፣ ቁጣን ነው። እነዚህ ነገሮች መዝሙረ ዳዊት ውስጥም አሉ፣ ሰቆቃወ ኤርምያስ ውስጥም አሉ። ጨለማን መናገርና ጨለማን ማምለክ ለኔ ይለያያሉ። ያም ሆኖ ኦርጋኑ የተሠራው ለአምልኮ ነው፣ ለሌላ ነገር ሲውል ቅር ይለኛል የሚል ሰው ካለ ስሜቱ ይገባኛል፤ በዚህ ላይ ማንንም ለማሳመን አልነሳሁም። የምለምነው ሳይሰማ የሚፈርደውን ሰው ነው። አርባ ሰባት ደቂቃ ስጡትና ከዚያ ፍረዱ።

ከወደዳችሁት ወዴት ትሄዳላችሁ? ወደ ኋላ «ዘ ሚራኩለስ» አለ፣ የ2015። ያ የተሠራው በሰሜን ስዊድን ፒተኦ ከተማ ባለ ወደ 9,000 ቧንቧ በሚጠጋ አዲስ ኦርጋን ላይ ነው፤ ከዚህኛው የበለጠ ሮክ አለበት፣ ዘፈኖቹም ይለያያሉ፣ እኔ ግን እንደ «ዴድ ማጂክ» አንድ ወጥ ሆኖ አላገኘሁትም። ከዚያ በፊት «ሴረሞኒ» አለ፣ እሱ ቀለል ያለ ነው፣ በዘፈን የሚጀምር ሰው ከሱ ቢጀምር ይመቸዋል።

ወደ ፊት ደግሞ የ2020ው «ኦል ቶውትስ ፍላይ» አለ። ድምፃዊ የለውም፣ ድራም የለውም፣ ጊታር የለውም። የትውልድ ከተማዋ ዮተቦሪ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በድሮው የጀርመን አሠራር በተሠራ ኦርጋን ላይ ብቻዋን ተጫውታ ቀዳችው። ያሳተመው ማን መሰላችሁ? ሳውዘርን ሎርድ፣ የሰኑ ጊታሪስት ግሬግ አንደርሰን የሚመራው የአሜሪካ የሜታል አሳታሚ። ኦርጋን ብቻ ያለበትን አልበም የሜታል አሳታሚ የራሴ ነው ብሎ ከወሰደው እኔ ስለዚህ መሣሪያ ክብደት የምጨምረው ክርክር የለኝም። ከ«ዴድ ማጂክ» ጀምሩ፣ ከወደዳችሁት ቀጥታ ወደዚያ እለፉ።